ማግኒዥየምን የሚበላው ጎረቤቱ ነው፦ በሌዘር ገጽን ስለማከም ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የባሕር ዳር የብረታ ብረት ባለሙያ ስለ ማግኒዥየም ቅይጦች የጻፉት ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ላላነበበው ሰው ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ማግኒዥየም ከተፈጥሮው የሚበላ ብረት ነው፤ የትም ቦታ ቆይቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ገጹን በሌዘር አክሞ፣ ማለትም ስስ ሽፋኑን አቅልጦ መልሶ አርግቶ፣ ዝገት እንዲቋቋም ለማድረግ መሞከር ከንቱ ድካም ነው ይላሉ። ቀለም ከተቀባ ይበቃዋል። ሌዘር ቢያርፍበት ይቀጣጠላል፤ ባይቀጣጠል እንኳ ቀልጦ የረጋ ብረት ያው የበፊቱ ብረት ነው። በመጨረሻም የማግኒዥየም ፋብሪካ በሌለበት አገር የባሕር ዳር ተማሪ በዚህ ርዕስ ጊዜውን ማጥፋት የለበትም ብለው ይዘጋሉ።

ጸሐፊው በዕድሜም በሙያም ታላቄ ናቸው። ቶርኖ ላይ ቆመው ያረጁ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ስለ ብረት የሚናገሩት በእጃቸው ያወቁትን ነው። ዝም ብዬ እንዳላልፍ ያደረገኝ ጽሑፉን አንብበው የመመረቂያ ርዕሳቸውን ሊቀይሩ ያሰቡ ሁለት ተማሪዎች ናቸው። መጥተው «ታዲያ ስንሠራ የከረምነው ከንቱ ነው ማለት ነው?» አሉኝ። ከንቱ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ነጥብ በነጥብ እሄድበታለሁ፤ እርሳቸው ልክ የሆኑበትንም አልደብቅም።

የመጀመሪያው ማስረጃቸው የቦይለር ዘንግ ነው። በየቤታችን ባለው የውሃ ማሞቂያ ውስጥ የማግኒዥየም ዘንግ አለ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲፈታ ተበልቶ ይገኛል፤ በቧንቧ ውሃ እንዲህ የሚሆን ብረት ምኑ ይታከማል? ይላሉ። ዘንጉን እኔም አውቀዋለሁ። ባለፈው ክረምት ሽምብጥ ሰፈር ያለውን የቤታችንን ቦይለር ስፈታ፣ ሲገባ አውራ ጣት ያህል የነበረው ዘንግ መሐሉ እርሳስ አክሎ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ የሚያልፈው የብረት ሽቦ ብቻ ቀርቶ ወጣ። ዙሪያውን እርጥብ ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር ለብሶ ነበር፤ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። «ዝገት» ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ቀዩ የብረት ዝገት ነው፤ የማግኒዥየም ዝገት ግን ይኸው ነጭ ነገር፣ ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ነው።

ይሁን እንጂ ያ ዘንግ የተበላው እንዲበላ ተብሎ ስለተቀመጠ ነው። ከቦይለሩ የብረት በርሜል ጋር ተያይዟል። በኤሌክትሮኬሚስትሪ ሚዛን ማግኒዥየም ከዜሮ በታች 2.37 ቮልት ላይ፣ ብረት (ቀይ ዝገት የሚያወጣው አይረን) ደግሞ ከዜሮ በታች 0.44 ቮልት ላይ ናቸው። ሁለቱ ተነካክተው አንድ ውሃ ውስጥ ሲቀመጡ ማግኒዥየሙ ኤሌክትሮኑን ለብረቱ እየሰጠ ራሱ ይሟሟል፤ ብረቱ ይድናል። በጨዋማ ባሕር ላይ የሚሄዱ መርከቦች ለዚሁ ሥራ ዚንክ ይለጥፋሉ፤ እንደ ጣና ባለ ጨው በሌለበት ውሃ ግን የዚንክ ግፊት ስለማይበቃ የሚመረጠው ማግኒዥየም ነው። እንግዲህ የጸሐፊው ዘንግ የሚያሳየን ማግኒዥየም ብቻውን ምን እንደሚሆን አይደለም፤ ከብረት ጋር ሲጎራበት ምን እንደሚሆን ነው። የምለው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው፦ ማግኒዥየምን በብዛት የሚበላው ጎረቤቱ ነው።

ጎረቤቱ ከውጭ ብቻ አይመጣም፤ በራሱ ሆድ ውስጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ1942 ሃናዋልት፣ ኔልሰንና ፔሉቤ የተባሉ ሦስት የዳው ኩባንያ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት በንጹሕ ማግኒዥየም ውስጥ የብረት (የአይረን) መጠን ከ0.017 በመቶ ካለፈ መበላቱ በድንገት እንደሚያሻቅብ አሳዩ። ይህ ማለት በአንድ ኩንታል ማግኒዥየም ውስጥ 17 ግራም ብረት ነው። ከዚያች መስመር በታች ብረቱ ይታገሣል፤ ካለፈ በየቦታው ተበትኖ የተቀመጠው ብረት እያንዳንዱ ለራሱ እንደ ቦይለሩ በርሜል ይሆናል። ኒኬልና መዳብም ያው ናቸው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ኤዜድ 91ዲ የሚባለው የታወቀ ቅይጥ ብረቱ ከ0.005 በመቶ እንዳያልፍ ተብሎ የሚሠራው ለዚህ ነው። ማግኒዥየሙ ያው ማግኒዥየም ነው፤ የተቀየረው አብሮት የሚኖረው ነው።

«የትም ቦታ ቆይቶ አያውቅም» ለተባለው አንድ ምሳሌ ይበቃል። በመንገዶቻችን ላይ እስከ ዛሬ የሚታየው አሮጌው ቮልስ የሞተሩና የማርሹ ቤት የተሠራው ከማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ በአንዱ መኪና ላይ ወደ 20 ኪሎ ግራም። 

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ልክ የሆኑበትን ልናገር። አሉሚኒየም አየር እንደነካው የራሱን ኦክሳይድ ይለብሳል፤ ልብሱም ሙሉ ነው። የማግኒዥየም ኦክሳይድ ግን ከተሠራበት ብረት ቦታ 81 በመቶ ያህሉን ብቻ ስለሚይዝ እንደ አጭር ጋቢ ነው፤ ራስ ሲሸፈን እግር ይገለጣል። ውሃ ሲነካው የሚለብሰው ሃይድሮክሳይድም የሚጸናው የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱና የአልካሊነቱ መለኪያ) ከ10.5 በላይ ሲሆን ነው፤ ጨው ካለ ደግሞ ክሎራይዱ ያንኑ ልብስ ወደሚሟሟ ነገር ይለውጠዋል። ስለዚህ ማግኒዥየም እርዳታ ይፈልጋል። የምንለያየው እርዳታው ዋጋ የለውም በሚለው ላይ ነው።

ወደ ቀለሙ ልምጣ። ቀለም ይጠቅማል፤ ማንም አልካደም። ነገር ግን ቀለም የሚሠራው እስካልተጫረ ድረስ ነው። በጭረቷ በኩል ውሃ ሲገባና አጠገቧ የብረት ብሎን ካለ፣ መበላቱ ሁሉ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ያርፍና ከላይ ቀለሙ ደህና መስሎ ከሥር ጉድጓድ ይሆናል። ከቀለም በፊት ገጹን ለማሰናዳት ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የክሮሜት መንከሪያ ደግሞ ካንሰር አምጪ የሆነውን ባለ ስድስት ክሮሚየም የያዘ ነው፤ ዓለም ከእርሱ እየሸሸ ያለው ለዚህ ነው። ሌዘር የቀለም ባላንጣ አይደለም። ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ራሱ ቢጫር እንኳ ቶሎ እንዳይበላ ማድረጊያ ነው።

ስለ እሳቱ የጻፉትን ግን በጥሞና አነበብኩት፤ ተማሪዎችም ደጋግመው ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ማግኒዥየም ይነዳል፤ የድሮ ፎቶ አንሺዎች ብርሃን ሲፈልጉ ያነዱት የነበረው እርሱን ነው። ልዩነቱ ያለው በቅርጹ ላይ ነው። ወፍራም ቁራጭ ሙቀትን ፈጥኖ ወደ ውስጥ ስለሚወስድ በቀላሉ አይቀጣጠልም። የሌዘሩ ነጥብ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም፤ አንድ ቦታ ላይ ሳይቆም እየሄደ ነው የሚያቀልጠው፤ በላዩም አርጎን ጋዝ እየነፈሰ ኦክስጅኑን ያርቃል። እንዲህ ሆኖ የሚሠራ ሥራ ነው። አደጋው ያለው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፦ ተንኖ በክፍሉ ግድግዳና በማስወጫው ቱቦ ላይ የሚቀመጠው ጥላሸትና ከቶርኖ የሚወጣው ቀጭን ፍቅፋቂ። እነዚህ በአንዲት ብልጭታ ይነሣሉ። ከተነሡ ደግሞ ውሃ ማፍሰስ ክልክል ነው፤ ውሃው ሃይድሮጅን እያወጣ እሳቱን ያባብሰዋል። ደረቅ አሸዋ አጠገብ ሳይኖር ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው መኖር የለበትም። እርሳቸው ያሉት ጥንቃቄ ትክክል ነው፤ «ስለዚህ አይሠራ» የሚለው መደምደሚያ ነው ከዚያ የማይከተለው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «ቀልጦ የረጋ ብረት ያው ብረት ነው» የሚለው አነጋገር ለጆሮ ይጥማል፤ ብዙ ሰው ያሳመነውም ይኸው ነው። ቅቤ ያነጠረች እናት ግን አትቀበለውም። የተነጠረ ቅቤ ምድጃ ዳር ተትቶ ቀስ እያለ ሲረጋ እንደ አሸዋ ይጓጉላል፤ ጉጉሉ ለብቻው፣ ፈሳሹ ለብቻው ይሆናል። ያው ቅቤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በቆመ ዕቃ ቶሎ ቢረጋ ልስልስ ብሎ ይወጣል። የገባበት ነገር አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። አረጋጉ ብቻ ነው የተለየው፤ ሲቀመስ ግን ሁለት ቅቤ ነው።

ኤዜድ 91 የሚባለው ቅይጥ በኩንታሉ ወደ 9 ኪሎ አሉሚኒየምና ወደ 1 ኪሎ ዚንክ አለው። በአሸዋ ሻጋታ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲረጋ መጀመሪያ የሚረጋው አሉሚኒየም የቀነሰበት ማግኒዥየም ነው። የተገፋው አሉሚኒየም ገና ባልረጋው ፈሳሽ ውስጥ እየተከማቸ ይሄድና በ437 ዲግሪ ላይ የመጨረሻዋ ጠብታ ስትረጋ በቅንጣቶቹ መካከል ቤታ የሚባለው ውህድ ይሠራል፤ 17 የማግኒዥየም አቶም ከ12 የአሉሚኒየም አቶም ጋር። ቅዝቃዜው ሲዘገይ ይህ ውህድ ጓል ጓል ሆኖ፣ እዚህም እዚያም ተራርቆ ይቀመጣል። ውሃ ሲመጣ ምን ይሆናል? ጓሉ እንደ በርሜሉ፣ በዙሪያው ያለው አሉሚኒየም የተራቆተ ማግኒዥየም እንደ ዘንጉ ይሆናሉ። ጎረቤቱ መጣ ማለት ነው።

ሌዘር የሚነካው ይህንን ነው። ከፀጉር ውፍረት ጀምሮ እስከ ግማሽ ሚሊሜትርና ከዚያም በላይ ጥልቀት ያለው ስስ ሽፋን ብቻ ይቀልጣል፤ ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን ይነጥቀዋል። የመቀዝቀዙ ፍጥነት በሴኮንድ ከ10,000 እስከ 1,000,000 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ፍጥነት አሉሚኒየሙ ተገፍቶ ለመሰብሰብ ጊዜ አያገኝም። ብዙው ማግኒዥየሙ ውስጥ እንደታሰረ ይቀራል፤ የተረፈው ደግሞ ጓል መሆኑ ቀርቶ እንደ ዓሣ መረብ በደቃቁ ቅንጣቶች ዙሪያ ይዘረጋል። ያው ቤታ ሲራራቅ በላተኛ የነበረው፣ መረብ ሲሆን አጥር ይሆናል። ሥራውን የሚወስነው አቀማመጡ ነው፤ ከሌዘር ሕክምና የምንጠብቀው ትልቁ ነገርም ይህ ነው።

«ያው ብረት ነው» የሚለው በሌላ በኩልም አይቆምም። ማግኒዥየም በ1,091 ዲግሪ ይፈላል፤ አሉሚኒየም ግን ከ2,400 ዲግሪ በላይ ነው። ሌዘሩ ገጹን ሲያቀልጠው ከላይ እየተነነ የሚሄደው ማግኒዥየሙ ስለሆነ የሚቀረው ገጽ በአሉሚኒየም የበለጸገ ይሆናል። እዚያው ላይ የአሉሚኒየም ዱቄት እየነሰነሱ አብሮ ማቅለጥም አለ፤ ይህ በግልጽ ሌላ ቅይጥ ነው። ብቻ አሉሚኒየሙ ከበዛ የሚሠሩት ውህዶች ተሰባሪ ስለሆኑ መጠኑን ማወቅ ይጠይቃል።

ጸሐፊው ሌዘርን መምታት ቢፈልጉ የሚመታበት ቦታ ነበረ፤ አልመቱትም እንጂ። እኔው ልናገረው። በሌዘር ታክሞ ከውጭ የመጣ፣ ግማሹ የታከመ ግማሹ ያልታከመ የኤዜድ 91 ናሙና በጨው ውሃ ውስጥ አስቀምጬ አይቻለሁ። አውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቁራጭ ናት። ያልታከመው ግማሽ ከደቂቃዎች በኋላ እንደ ጠላ አረፋ ያወጣ ጀመር። የታከመው ጸጥ ብሎ ቆየ። ቆይቶ ግን በታከመው መሐል በዓይን የማትታይ አንዲት ስንጥቅ በአረፋ ተሰልፋ ታየች፤ አንዱ አረፋ ሲነሣ ሌላው በቦታው ይተካል፤ ልክ በክር እንደ ተሰካ ጨሌ። ከሁሉ የበዛው አረፋ ደግሞ የታከመውና ያልታከመው በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነበረ። ያን ቀን የተማርኩትን ከብዙ ንባብ አላገኘሁትም። ፈጥኖ የረጋ ብረት ይሸበሸባል፤ ከተሸበሸበ ይሰነጠቃል። ጋዝ ከተያዘበት ይቦረቦራል። የሌዘሩ መስመሮች በሚደራረቡበት ቦታ አንዴ የረጋው እንደገና ይሞቅና መረቡ ይበላሻል። ጠርዙና የብሎኑ ቀዳዳ ሳይታከም ከቀረ ደግሞ ራሳችን አዲስ ጎረቤት ፈጠርን ማለት ነው። የታተሙ ጥናቶች እርስ በርስ የማይስማሙትም ለዚህ ነው፤ አንዱ ብዙ እጥፍ ተሻሻለ ሲል ሌላው ባሰበት ይላል፤ ሁለቱም የለኩትን ነው የጻፉት።

የአለካኩም ነገር አለበት። ብዙ ሙከራ የሚደረገው በትንሽ ቢከር (የላቦራቶሪ ብርጭቆ) ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ነው። ማግኒዥየም ሲሟሟ የውሃውን ፒኤች ከፍ ስለሚያደርግ በትንሽ ውሃ ውስጥ ያለ ናሙና በራሱ ቆሻሻ ራሱን ይከላከላል፤ ውጤቱም ያማረ ይሆናል። ጣና ግን ቢከር አይደለም፤ እዚያ በገባ ብረት ዙሪያ ያለው ውሃ ሁልጊዜ አዲስ ነው። ስለዚህ «ሌዘር ችግሩን ፈታው» የሚል ሰው ቢመጣ ከጸሐፊው ጎን ቆሜ ነው የምከራከረው። በስንት ሊትር ውሃ? ለስንት ቀን? ጠርዙስ? ብዬ እጠይቀዋለሁ። ሌዘር የቆሸሸን ብረትም አያጠራም፤ ኒኬልና ብረት የበዛበት ቅይጥ መጀመሪያውኑ መቅለጫው ላይ መስተካከል አለበት።

የቀረው የመጨረሻው፣ እኔንም ያሳዘነኝ ነጥብ ነው፦ ፋብሪካ ስለሌለን አንማረው የሚለው። ፖሊ የምንለው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት በዚህች ከተማ ከጨርቃ ጨርቁ ሌላ ስንት ፋብሪካ ነበረ? እጅ የሠለጠነው ቀድሞ ነው። ደግሞም ይህ ጥናት የሚያስፈልገው ለፋብሪካ ብቻ አይደለም። አጥንቱ ተሰብሮ በብረት ብሎን የተገጠመለት ሰው ብዙ ጊዜ ብሎኑን ለማስወጣት ዳግም ቢላዋ ሥር ይገባል። ከጣናዋ ደቅ ደሴት በጀልባ ለሚመጣ ገበሬ ይህ ሁለተኛ መንገድ፣ ሁለተኛ ወጪ፣ ሁለተኛ የእርሻ ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጀርመን ውስጥ የተሠራ የማግኒዥየም ቅይጥ የአጥንት ብሎን በአውሮፓ ለሕክምና ፈቃድ አግኝቷል፤ ሥራውን ሠርቶ እዚያው ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሟሟል። ማግኒዥየም ለሰውነት ባዕድ አይደለም፤ በአንድ አዋቂ ሰው ውስጥ ወደ 25 ግራም አለ፣ ከግማሽ በላዩም በአጥንቱ ውስጥ ነው። ችግሩ መፍጠኑ ነው፤ አጥንቱ ሳይገጥም ብሎኑ ከሳሳ፣ የሚወጣውም ሃይድሮጅን በሥጋ ውስጥ ኪስ ከሠራ አይሆንም። እንግዲህ እዚህ ቦታ ላይ ቀለም ምን ይሠራል? አጥንት ውስጥ የሚገባ ብሎን ማንም የጋራዥ ቀለም አይቀባውም። ገጹን በራሱ ብረት አቅልጦ ማርጋት ግን ምንም ባዕድ ነገር አይጨምርም፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዲያዘግይ ብቻ ነው የሚፈለገው። ለእኔ የዚህ ጥናት ልብ ይህ ነው።

ለእነዚያ ሁለት ተማሪዎች የነገርኳቸውን እዚህም ልድገመው። እንጨትና አክሪሊክ የሚቀርጸው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ለዚህ አይሆንም፤ የ10.6 ማይክሮ ሜትር ጨረሩን ማግኒዥየም አብዛኛውን ይመልሰዋል። የሚሻለው ወደ 1.06 ማይክሮ ሜትር የሚጠጋው የፋይበር ሌዘር ነው። እርሱ ያለበት ቦታ ናሙናውን ልኮ ማሳከም ይቻላል፤ መበላቱን መለካት ግን እዚሁ ባሕር ዳር፣ ውድ መሣሪያ ሳይኖር ይሠራል። በሊትር ውሃ 35 ግራም ጨው በጥብጡ፤ ውሃው ብዙ ይሁን፣ በየቀኑም ይቀየር። ናሙናውን ከነጠርዙ አስገቡት፤ በላዩ ቁልቁል የተደፋ ፈነል (ዘይት ወደ ጠርሙስ የሚገለበጥበት፣ አንገቱ ቀጭን የሆነ ዕቃ)፣ በፈነሉ አንገት ላይ ውሃ የሞላ የተገለበጠ ቡሬት (የመጠን ምልክት ያለው ቀጭን የመስተዋት ቱቦ) አድርጉ። አንድ የማግኒዥየም አቶም ሲሟሟ አንድ የሃይድሮጅን ሞለኪውል ይወጣል፤ ስለዚህ በቡሬቱ አናት የተሰበሰበው ጋዝ የተበላውን ብረት ይነግራችኋል። ከባሕር ጠለል እኩል በሆነ ቦታ 1 ሚሊሊትር ጋዝ 1 ሚሊግራም ያህል ማግኒዥየም ነው፤ መጽሐፉ የሚለውም ይህንኑ ነው። እኛ ግን ያለነው ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ያው ጋዝ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል። ባሕር ዳር ላይ 1 ሚሊሊትር ማለት ወደ 0.8 ሚሊግራም ነው። የመጽሐፉን ቁጥር እንዳለ የወሰደ ሰው ናሙናው ከእውነቱ በሩብ ያህል በልጦ ተበላ ብሎ ይጽፋል።